የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በውርጭ ማለዳ አልነሳ ያለው ኮሮላ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 የተሠራ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር የቤንዚን ኮሮላ አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ፈጣን ድምፅ ይሰማል፤ የዳሽቦርዱ መብራትም ይደበዝዛል። ጎረቤቶቼ ሲገፉልኝ ይነሳል፤ ከቀትር በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ባትሪውን ከቀየርኩ 3 ወር አልሞላኝም። አንድ ጋራዥ ባትሪውን ለክተው 12.6 ቮልት ስላገኙ ጥፋቱ የሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ነው፣ ይቀየር አሉኝ። ልግዛ ወይስ ልቆይ?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ለጊዜው ይቆዩ። የነገሩን ድምፅ ራሱ ወደ ሞተሪኖው አያመለክትም። ፈጣንና ተከታታይ ጠቅታ የሚሰማው፣ በሞተሪኖው ላይ ያለው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ስቦ ኃይሉን ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) ለመሳብ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ቢያገኝም ሞተሪኖው ብዙ ኤሌክትሪክ መጠጣት በጀመረበት ቅጽበት ቮልቱ ስለሚወድቅና ሶሌኖይዱ መልሶ ስለሚለቅ፣ ሲለቅ ደግሞ ቮልቱ አንሰራርቶ እንደገና ስለሚስበው ነው። ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያቀብለው የሞተሪኖው ካርቦን አልቆ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ጠንካራ ጠቅታ ብቻ ነው፤ መብራቱም እምብዛም አይደበዝዝም፤ የሚጠጣው የለምና።

12.6 ቮልት ባትሪው መሙላቱን ይናገራል እንጂ ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ መድረሱን አይናገርም። ያለ ሥራ የተቀመጠን ባትሪ ለክቶ መፍረድ ጭነት ሳይጫንባት የበቅሎን ጉልበት እንደ መገመት ነው። የእርስዎን የመሰለ ሞተር ለማዞር ሞተሪኖው 150 አምፔር ያህል ሊጠይቅ ይችላል። በመንገዱ ላይ የዛገ ማሰሪያ ኖሮ በ0.02 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢያግደው 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። የዳሽቦርድ መብራት የሚፈልገው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ሞተሪኖው መጠጣት እስኪጀምር ድረስ በዚያው በዛገ ማሰሪያ በኩል እንኳ ደምቆ ይበራል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው።

ከቀትር በኋላ የሚነሳበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲወርድ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሩ ለመዞር ይከብዳል፣ የባትሪው ኬሚካላዊ ሥራም ይዘገያል። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጤነኛ ባትሪ እንኳ ከማስነሻ ኃይሉ አንድ አምስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ በፀሐይ ሰዓት ያላስቸገረው ደካማ ማሰሪያ ሌሊቱን ውጭ ያደረውን መኪና ያቆመዋል።

እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው መካኒኮች «ማሳ» የሚሉትን፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን ገመድ ነው። ማረጋገጫው ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናው እምቢ ባለበት በዚያው ማለዳ፣ ሳይገፉት፣ ማርሹን ፍሪ አድርገውና የእጅ ፍሬን ስበው፣ ከሌላ መኪና ባትሪ ለመዋስ ከሚጠቀሙባቸው ወፍራም ገመዶች አንዱን ከሞተሩ ጋር፣ ቀለም በሌለበት ንጹሕ ብረት ላይ፣ ቀጥሎም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ያያይዙና ቁልፉን ያዙሩ። ሞተሩ ወዲያው ከዞረ ጥፋቱ የማሳው ነው፤ ሞተሪኖዎ ጤነኛ ነው።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካለዎት ደግሞ ቁጥሩን በዓይንዎ ያያሉ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን የቦቢናውን ቀጭን ሽቦ ነቅለው በፕላስተር ይጠቅልሉት፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉና ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ያንብቡ። ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ደህና ነው፤ 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየ ግን የጠፋው ኃይል የት እንደሄደ አገኙት። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ድረስ እንዲሁ ይለኩ፤ እዚያ እስከ 0.5 ቮልት ይታገሡታል። ሁለቱም ደህና ሆነው፣ ሞተሪኖው በሚሠራበት ጊዜ በባትሪው ራሶች ላይ የሚነበበው ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ግን አዲስ የተባለው ባትሪ ራሱ ይጠረጠራል።

ማሳውን ሲፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ከባትሪው ያላቅቁ፣ ሲመልሱም መጨረሻ ላይ ያያይዙት። ከላይ ጥብቅ ብሎ የሚታየው ቡሎን ሲፈታ ከሥሩ አረንጓዴ ዱቄት የጋገረ፣ ወይም በቀለም ላይ የታሰረ ሆኖ ይገኛል። በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ በደንብ ከጠበቀ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ቢቀባ ዓመታት ያገለግላል። እኔ ራሴ ይህንን ሳልፈትሽ ደህና ሞተሪኖ በብረት ዋጋ ሸጬ ስለማውቅ ነው ነገሩን እንዲህ የማጠብቀው።

መኪናው ሲነሳ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መስጠቱንም ይመልከቱ። ዲናሞው ሰነፍ ከሆነ ማሳው ቢጸዳም ባትሪው በየቀኑ እየጎደለ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የናፍጣ ሃይሉክሴ ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ሲና ለቁርስ ሳቆመው፣ ስመለስ ቁልፉን ባዞር አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። 5 ወይም 6 ጊዜ ስሞክር ይነሳል። መብራቱ አይደበዝዝም።
ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከላይኛው ተቃራኒ ነው፤ መብራቱ ካልደበዘዘ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልገባም ማለት ነው። በእነዚህ የቶዮታ ሞተሪኖዎች የታወቀው ጥፋት በሶሌኖይዱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የመዳብ መገናኛዎች መበላታቸው ነው። ሶሌኖይዱ ሲስብ የሚጫናቸው ክብ መዳብ ሁለቱንም እኩል ካልነካ ኤሌክትሪኩ አያልፍም፤ ደጋግመው ሲሞክሩ አጋጣሚ ይገጥምና ይነሳል። ዳገት ወጥቶ በጋለ ሞተር ላይ የሚብሰው የሶሌኖይዱ ጥቅል ሽቦ ሲሞቅ መሳቢያ ኃይሉ ስለሚቀንስ ነው፤ የመዳብ ሙቀት በ60 ዲግሪ ሲጨምር ተቃውሞው በሩብ ያህል ይጨምራል። ባትሪውን አላቅቀው የሶሌኖይዱን ክዳን ያስፈቱ። ከሁለቱ አንዱ ሳስቶና ጠቁሮ ከታየ መዳቦቹ ብቻቸውን ይቀየራሉ፤ ሙሉ ሞተሪኖ መግዛት አያስፈልግም።