ጆንያው ለምን ቀለለ? የወደብ ሥዕል ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የጅማ ቡና ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲጫን የሚያሳይ ሥዕል ለአንድ ካፌ በአክሪሊክ ቀለም እየሣልኩ ነው። ወደብ አይቼ ስለማላውቅ የምሠራው ከፎቶ ነው። ጀልባው ውሃው ላይ የተለጠፈ ወረቀት መሰለብኝ፤ ተሸካሚዎቹም ባዶ ጆንያ የያዙ ይመስላሉ። ምን ላድርግ? (ከጅማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ የሁለቱም ችግር አንድ ነው፦ ሥዕልዎ ውስጥ ክብደት የለም።

የኤክስፖርት ቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው። ይህን የተሸከመ ሰው ከወገቡ ጎንበስ ይላል፣ ጉልበቱን ሰበር ያደርጋል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ እርምጃውም ያጥራል። ጆንያውም ትከሻ ላይ መሃሉ ሰርጎ ጫፎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ንድፍዎን በክር ይፈትሹት፦ ሰውየውንና ሸክሙን አንድ ላይ አስበው ከመሃላቸው ቀጥታ ወደ ታች ክር ሲያወርዱ፣ ክሩ እግሮቹ መካከል ካላረፈ ወይ ሰውየው ይወድቃል፣ ወይ ጆንያው ባዶ ነው። ለዚህ ፎቶ አያስፈልግዎትም። ገበያ ወርደው ጫኝና አውራጆቹን ከጎናቸው ሆነው በእርሳስ ይንደፉ፤ የሸክም ጎንበስታ ጅማም ጅቡቲም ያው ነው።

ወደ ጀልባው ስንመጣ፣ የተጫነው ጠለቅ፣ ባዶው ከፍ ብሎ ነው የሚንሳፈፈው። ውሃው የሚነካበትን ጠርዝ ዙሪያውን በእኩል ጥቁር መስመር ከከበቡት ይለጠፍብዎታል፤ ቦታ ቦታ ላይ ያለስልሱት። ነጸብራቅ ፀሐይ የትም ብትሆን ከዕቃው ቀጥታ ወደ ታች ነው የሚወርደው። እንደ ጥላ ወደ ጎን ማጋደል ጀማሪዎች የሚደጋግሙት ስህተት ነው። ነጩ አካል ውሃው ውስጥ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጥቁሩ ትንሽ ይፈካል፤ ሞገድ ካለ በአግድም ይቆራረጣል። አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል የውሃውን ቀለም ከሚፈልጉት ጥቂት አፍክተው ይበጥብጡ። ገመዶቹን አይርሱ፦ ጭነት የያዘው ይወጠራል፣ ያልያዘው መሃሉ ይረግባል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጆሴፍ ቬርኔ እ.ኤ.አ. ከ1753 ጀምሮ በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ትእዛዝ 15 የወደብ ሥዕሎችን ሲሠራ፣ ከፊት የሚያስቀምጠው የየአካባቢውን ሥራ ነበር፤ ለምሳሌ በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ባለችው ባንዶል ሥዕሉ ላይ የቱና ዓሣ ማጥመድን። እርስዎም ቡናውን ከፊት ማድረግዎ ትክክል ነው። ግን ዘመኑን ይወስኑ። ዛሬ ቡና የሚሄደው በኮንቴይነር ነው፤ ባለ 20 ጫማው 320 ያህል ጆንያ ይይዛል። ከኋላ ክሬንና ኮንቴይነር ደርድረው ከፊት የኤክስፖርት ቡና በትከሻ ጀልባ ላይ ካስጫኑ፣ ካፌው ውስጥ የሚቀመጡት የቡና ነጋዴዎች ይስቁብዎታል። ወይ ክሬኖቹን ያጥፉና የድሮ ወደብ ያድርጉት፣ ወይ ጆንያዎቹን ኮንቴይነሩ ውስጥ ያስደርድሩ።