መልስ፦ የሎይድ ጆርጅ የምርጫ ክልል የት ገባ?

"ሎይድ ጆርጅ (የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር) የተመረጠበትን ክልል ካርታ ላይ ፈልጌ አጣሁት" ላልከው፣ አልተሳሳትክም ወንድሜ። ዛሬ የለም። ካርናርቨን ቦሮውስ ይባል ነበር፣ ሰሜን ዌልስ ውስጥ።

አንድ ወጥ መሬትም አልነበረም። ካርናርቨን፣ ባንጎር፣ ኮንዊ፣ ክሪኪየት፣ ፑልሄሊና ኔቪን የሚባሉ፣ እዚህም እዚያም የተበተኑ ከተሞች ተደምረው አንድ ሰው ብቻ ለፓርላማ ይልኩ ነበር።

ሎይድ ጆርጅ የገባው በ1890 በተደረገ የማሟያ ምርጫ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ውጤቱን እየው፦ 1,963 ለ1,945። በ18 ድምፅ ብቻ! እኔን የሚገርመኝ ግን ተሸናፊው ነው። ኤሊስ ናኒ የሚባል ባለርስት ነበር፤ ሎይድ ጆርጅ ጫማ ሰሪ አጎቱ ዘንድ ያደገባት መንደር ባላባት። በልጅነቱ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚለውን ሰውዬ በድምፅ ጣለው ማለት ነው። ከዚያ ወንበሩን 55 ዓመት አልለቀቀም።

እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። በጁን 1936 የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያን በወረረችው ጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ሊያነሳ ሲል፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ክፉኛ የወረፈው ይኸው የካርናርቨን ተወካይ ነበር።

በ1945 የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው፤ ማዕረጉን የያዘ ሰው በተመራጮች ምክር ቤት መቀመጥ ስለማይችል ወንበሩን ለቀቀ። የእሱ ፓርቲ ሊበራሎች በማሟያ ምርጫ ወንበሩን ለጊዜው አቆዩት፤ በዚያው ዓመት ጠቅላላ ምርጫ ግን ተቀናቃኞቻቸው ኮንሰርቫቲቮች ወሰዱት። በ1950 ክልሉ ራሱ ፈረሰ። ከተሞቹ ካርናርቨንና ኮንዊ ለተባሉት አዳዲስ ክልሎች ተከፋፈሉ። አሮጌ ካርታ ካገኘህ እዚያ ላይ ፈልገው።