የወፍጮ ቤት ጩኸትና የጆሮ ጉዳት

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አጠገብ በናፍጣ በሚሠራ ወፍጮ ቤት ስሠራ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ጆሮዬ «ጢዝ» ይላል። ሰው ሲያወራ ድምፁ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ኩክ ይሆን? የሞቀ ዘይት ላድርግበት?

መልስ፦ ዘይቱ ይቅርብዎ። ኩክ የሚጠራቀመው ከጆሮ ታምቡር በስተውጭ ነው፤ የነገሩኝ ምልክት ግን ወደ ውስጠኛው ጆሮ፣ ኮክሊያ ወደሚባለው ጥምዝ ክፍል ይጠቁማል። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅ ሲያወዛውዛቸው መልእክቱን ለነርቭ ያቀብላሉ። ጩኸት ሲበዛባቸው እንደተረገጠ የጤፍ ቡቃያ ይተኛሉ። ካረፉ ይቃናሉ፤ በየቀኑ ሲደጋገምባቸው ግን ይሞታሉ፣ የሞተውም አይተካም። ቀድመው የሚጎዱት ቀጭን ድምፅ ተቀባዮቹ፣ በተለይ 4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ ያሉት ናቸው። «ስጥ» ሲባል «ሽጥ» የሚመስለው ለዚህ ነው።

85 ዴሲቤል (የጩኸት መጠን መለኪያ) ላይ 8 ሰዓት መሥራት ይቻላል። 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ። መለኪያ ከሌለዎ፣ አንድ ክንድ ርቆ የቆመን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገዎ መጠኑ አልፏል ማለት ነው።

መጀመሪያ ጩኸቱን ከምንጩ ይቀንሱ፦ የተቀደደ ማርሚታ (የሞተሩን ድምፅ ማፈኛ) ያስበይዱ፣ ጭስ ማውጫውን ወደ ውጭ ያውጡ፣ የላላ ቺንጋ ያስጠብቁ። ከዚያ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ይግዙ፤ ጥጥ ዋጋ የለውም። ዱቄት ባልነካ እጅ አጥብቀው ያጠቅልሉት፣ በሌላው እጅ የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ያስገቡት፣ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ይያዙት። ግማሹ ውጭ ከቀረ አልገባም። የወፍጮውን ድንጋይ ሲወቅሩም አይርሱት፤ የመዶሻ ምት ድንገተኛ ስለሆነ ከሞተሩ የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

የመስማት ምርመራ ያድርጉ፤ ባሕር ዳር መሄድ ቢጠይቅም ያዋጣል። ከሥራ ባረፉ ማግስት ጠዋት ይሁን፤ አለዚያ የዕለቱ ድካም ውጤቱን ያከፋዋል። የጠፋው ባይመለስም የመስሚያ መሣሪያ ይረዳል። ለሕክምና ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ጆሮዎ የተጎዳ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒቱ እነዚያኑ ሕዋሳት ይጎዳል። አንዱ ጆሮዎ በድንገት ቢደነቁር ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ሕክምናው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።