«ጆንያ ለመቁጠር ነው ያስተማርኩሽ?»

ውድ እህቴ፣

ለሌሎች አንባቢዎች ደብዳቤሽን በአጭሩ ላስቀምጠው። በግብርና ኢኮኖሚክስ ተመርቀሻል፤ የምትመኚው በአፍሪካ አገሮች መካከል ያለው የእርሻ ምርት ንግድ በሚቃናበት ሥራ ላይ መሰማራት ነው። ሁለት በር ተከፍቶልሻል። አንዱ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ በቀጣናዊ ትስስር ክፍል፣ ለስድስት ወር ያለ ክፍያ የሚሠራ የተግባር ልምምድ ነው። ሌላው በቆሎና ቦሎቄ ወደ ኬንያ በሚልክ ድርጅት የጥራትና የሰነድ ሠራተኛነት ነው፤ ከሻሸመኔ መጋዘን ሞያሌ ድረስ መመላለስ አለው። አባትሽ «ጆንያ ለመቁጠር ነው ያስተማርኩሽ?» ብለዋል፤ አይሱዙዋን ሸጠው ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ሊያስተምሩሽም ተነሥተዋል። ፈረንሳይኛ መማር ይጠቅማል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

ሞያሌ ሂጂ። ይህን ስል የሥራ ዘመኔን በእህል ጥራት ቁጥጥር ያሳለፍኩ ሰው መሆኔን እወቂ፤ ሚዛኔ ወደዚያ ሊያደላ ይችላል። ምክንያቴን ግን ራስሽ መዝኚው።

በ2014 የአፍሪካ መሪዎች ማላቦ ላይ በአፍሪካ አገሮች መካከል ያለውን የእርሻ ምርት ንግድ እስከ 2025 በሦስት እጥፍ ለማሳደግ ቃል ገቡ። በጃንዋሪ 2025 ካምፓላ ላይ ደግሞ ይህንኑ ሦስት እጥፍ እስከ 2035 እናሳካለን አሉ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ በ2018 ኪጋሊ ላይ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነት ተፈርሟል፤ በ2019 ሥራ ላይ ውሏል። ስምምነት አላጣንም። የጎደለን እህሉ ድንበር ላይ ለምን እንደሚቆም በእጁ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በማርች 2021 ኬንያ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የሚገባውን በቆሎ በአፍላቶክሲን፣ ሻጋታ በሚያመነጨው መርዝ፣ ምክንያት አገደች። ሦስቱም የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በበቆሎ ላይ ቀረጥ አይጠያየቁም፣ የበቆሎ ደረጃቸውም አንድ ነው። ዕገዳው በቀናት ውስጥ ተነሣ፤ ነገር ግን አስመጪው እንዲመዘገብ፣ ጭነቱም የአፍላቶክሲን መጠኑን የሚያረጋግጥ ሰርተፍኬት እንዲይዝ ግዴታ ተጣለ። ቀረጥ በሌለበት፣ ደረጃው አንድ በሆነበት ቦታ መኪናውን ያቆመው ሻጋታ ነው። አባትሽ የናቁት የጆንያ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃው የሚለው ይህ ነው፦ የበቆሎ እርጥበት ከ13.5 በመቶ፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም (የግራም ሚሊዮንኛ)፣ ቢ1 የሚባለው ዓይነት ደግሞ ለብቻው ከ5 ማይክሮግራም አይበልጥም። ቁጥሩን በመኪና አስቢው። 30 ቶን በቆሎ ውስጥ የሚፈቀደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን 0.3 ግራም ብቻ ነው። መርዙ ደግሞ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የሻገቱ ፍሬዎች ብዙውን ይይዙታል። ሠራተኛው በር አጠገብ ካሉት ጆንያዎች እፍኝ እፍኝ ዘግኖ ላቦራቶሪ ቢልክ «ንጹሕ» የሚል ውጤት ያገኛል። ሞያሌ ላይ ሌላ ሰው ከመሀል ሲወስድ ይወድቃል። ያኔ ሁለቱ ወገኖች «ላቦራቶሪያችሁ አይታመንም» ተባብለው ይካሰሳሉ፤ ጥፋቱ ግን የናሙናው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ20 እስከ 50 ቶን ለሆነ የእህል ሎት (እንደ አንድ ተቆጥሮ ለሚመረመር ጭነት) ከ100 ቦታ 100 ግራም ያህል እየተወሰደ 10 ኪሎ ናሙና እንዲሞላ ያዛል። ወደ አውሮፓ ባትልኪም ለአንድ ተሳቢ ጭነት ጥሩ መለኪያ ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ጫኞቹ ያጉረመርማሉ፤ አለቃሽም ሊቸኩል ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ከ10 ኪሎው ላይ ሩብ ኪሎ ቆንጥሮ ያንን ብቻ ይፈጫል። መጀመሪያ ናሙናው በሙሉ ይፈጭ፣ በደንብ ይደባለቅ፣ ለምርመራ የሚሆነው ከዱቄቱ ይወሰድ። ላቦራቶሪውንም «ዕውቅና አላችሁ?» ብለሽ ብቻ አትለፊው። የዕውቅናው ዝርዝር አፍላቶክሲንን፣ ያውም በበቆሎ ላይ፣ ይጨምር እንደሆነ ወረቀቱን አይተሽ አረጋግጪ። ለውኃ ምርመራ የተሰጠ ዕውቅና ለበቆሎሽ አይሠራም።

እርጥበቱ ላይ ደግሞ ሳይንሱ ከገንዘብ ጋር ይጋጫል። 16 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል በቆሎ ወደ 13.5 ሲደርቅ 97.1 ኩንታል ይሆናል። ሦስት ኩንታል የሚጠጋ ክብደት በነነ ማለት ነው። ነጋዴው ሳያደርቅ መጫን የሚያምረው በዚህ ነው፤ ገበሬውም እንደዚሁ። ስለዚህ ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም በግዢ ውሉ ላይ ካልተጻፈ የትኛውም የጥራት መመሪያ አይከበርም። እርጥቡ እህል መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ድንበር ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆም ቀን ይሞቃል፤ ሌሊት ሸራው ሲቀዘቅዝ ተንኖ የወጣው ውኃ ከሸራው ሥር ተጠራቅሞ በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። ሻሸመኔ ላይ ያለፈ ጭነት ሞያሌ ላይ የሚወድቅበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ የላይኛውን የጆንያ ረድፍ እርጥበት ለኪ።

ሰነዱን በአጭሩ። ፋይቶሳኒተሪ (የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት)፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬት፣ ኢንቮይስ፣ የጭነት ዝርዝርና ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ) ላይ የገዢው ስም፣ የተጣራ ክብደቱና የኤችኤስ ኮዱ (ጉምሩክ ዕቃውን የሚለይበት ቁጥር) በፊደልና በቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። ለምግብ የሚሆን በቆሎ 1005.90 ነው፤ በስሕተት 1005.10 ከተጻፈ ግን ዘር ሆነ ማለት ነው፣ ሌላ የኳራንቲን ጥያቄ ያስነሣል። የስሪት አገር ሰርተፍኬት ካልቀረበ ደግሞ በስምምነቱ ያለው የቀረጥ ቅናሽ አይሰጥም። ሞያሌ ላይ በዲሴምበር 2020 የተመረቀ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ አለ፤ የሁለቱ አገር ሠራተኞች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በተዛባ ሰነድ ግን ጭነቱ በሁለቱም ፊት ይቆማል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ ጭነት ሲጫንና ሲደርስ የነበረውን እርጥበት፣ ክብደቱን፣ ድንበር ላይ የቆመበትን ሰዓት፣ ማን በምን ምክንያት እንዳቆመው ጻፊ። 50 ወይም 60 ጭነት ሲሞላ የትኛው መዘግየት ከሰነድ፣ የትኛው ከእርጥበት እንደመጣ ቆጥረሽ ማሳየት ትችያለሽ። ፖሊሲ ወደሚጻፍበት ቢሮ ይህን ይዘሽ ስትገቢ ቃለ ጉባኤ እንድትይዢ ሳይሆን እንድትናገሪ ነው የሚጠሩሽ።

አሁን ወደ አባትሽ። ፍቅራቸው አያጠያይቅም፤ ውሳኔያቸው ግን ልክ አይደለም፤ ይህን በአክብሮት ንገሪያቸው። አይሱዙዋ የቤታችሁ እንጀራ ናት፤ ታናናሾችሽም በእርሷ ነው የሚማሩት። ለአንድ ልጅ ዲግሪ የቤቱን ገቢ መሸጥ ሁሉንም ለአደጋ ያጋልጣል። አንቺም ስትመለሺ የምትፈልጊውን ሥራ ሳይሆን ዕዳውን ቶሎ የሚከፍለውን ለመያዝ ትገደጃለሽ። ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ የትምህርት ዕድል አመልክቺ፤ ያኔ የማመልከቻ ደብዳቤሽ ላይ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል። ለእርሳቸው ደግሞ ይህን አስታውሻቸው፦ ባለ አይሱዙ ናቸውና እህል ጭኖ ኬላ ላይ መቆም ምን እንደሚያከስር ከማንም በላይ ያውቃሉ። ልጃቸው የምትማረው ያንኑ ነው።

የልምምዱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው፦ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ አዲስ አበባ መኖር የሚችለው ሌላ ሰው የሚያኖረው ነው፤ አንቺን የሚያኖርሽ ደግሞ ያችው አይሱዙ ናት። ፈረንሳይኛው ይጠቅማል፤ መጀመሪያ ግን ሞያሌ ላይ የሚያነጋግርሽን ስዋሂሊና አፋን ኦሮሞ አጠናክሪ።

ከመፈረምሽ በፊት አሠሪውን ሦስት ነገር ጠይቂ። ሞያሌ ላይ ማደሪያና አበል ማን ይከፍላል? ከመጋዘን፣ ከላቦራቶሪና ከትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ጋር በየተራ ትሠሪያለሽ ወይስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀሪያለሽ? ናሙናው ከወደቀ ጭነቱን የማስቆም ሥልጣን አለሽ? ለሦስተኛው «እናያለን» ካሉሽ በጽሑፍ እንዲያደርጉት ጠይቂ፤ እምቢ ካሉ ሌላ ላኪ ፈልጊ፤ መስመሩን አትልቀቂ።