አንድ ወንበር ወይስ ሁለት?

ጥያቄ፦ አያቴ የዘጌ ሰው ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል። በጃንሆይ ጊዜ በታንኳ ባሕር ዳር ተሻግረው ድምፅ እንደሰጡ ያወራሉ። ያኔ ከአንድ የምርጫ ክልል ሁለት ሰው ነበር ፓርላማ የሚገባው ይላሉ። እኛ ቤት ማንም አላመናቸውም። አንድ ክልል አንድ ወንበር አይደል እንዴ? (አንባቢያችሁ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እመኛቸው እኅቴ፣ አያትሽ ልክ ናቸው። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አገሩን ወደ 200,000 ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ክልሎች ይከፍልና ለእያንዳንዱ ሁለት እንደራሴ ይሰጣል። ከዚያ በፊት በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ጭራሽ አይመርጥም፤ መራጮቹ መኳንንቱና የአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ በ1950 መጀመሪያ ተካሄደና 210 እንደራሴዎች የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ሰው የሚመረጠው በስሙና በቤተሰቡ ነው፣ ደግሞም ንብረት የሌለው ሰው መወዳደር አይችልም። እንግዲህ የሰው ቡና እየለቀመ የሚያድር የዘጌ ድሃ ተሻግሮ ድምፁን ይሰጣል፣ ራሱ ግን አይመረጥም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለብቻ የሚሰጥ ወንበር ያኔም ነበር፣ ግን ለትልልቅ ከተሞች ነው። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ አንድ እንደራሴ ያገኛል፣ ከዚያ በላይ ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 50,000 ሰው ደግሞ አንድ ይጨመርለታል። ባሕር ዳር ያኔ የት ደርሳ! የጎጃም ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበር። ጨርቃ ጨርቁ የመጣው በ1953፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1955 ነው። ስለዚህ ያኔ የባሕር ዳርም ሰው ከገጠሩ ጋር ተጠቃሎ ነው የመረጠው።

የመጨረሻው የጃንሆይ ዘመን ምርጫ በ1965 ተደረገ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ፓርላማውን በተነው። በ1979 ደግሞ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ መጣ። እናንተ የምታውቁት፣ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው የሚገባበት ምክር ቤት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፣ የአባላቱም ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ተደንግጓል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በዚያው በ1987 ጥቅምት በተደረገው ቆጠራ ባሕር ዳር ወደ 96,000 ሰው ነበራት። በጃንሆይ ሕግ ብናሰላው ከተማዋ ብቻዋን ሁለት ወንበር ይደርሳት ነበር ማለት ነው። አያትሽ ያኔ ያሸነፉትን የሁለቱን ሰዎች ስም ያስታውሱ እንደሆነ ግን ጠይቂልኝ፤ ዛሬ ነገ ሳትይ ጻፊው።