መልስ፦ ፒነትስን ከቅጽ 1 ልጀምር?

ፒነትስ የቻርልስ ሹልዝ የጋዜጣ ኮሚክ (ተከታታይ የካርቱን ሥዕል) ነው፤ እኔ ብሆን ከቅጽ 1 አልጀምርም። አሳታሚው ፋንታግራፊክስ ከ2004 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሙሉ ስብስብ 26 ቅጽ ነው፤ አብዛኛው ቅጽ የሁለት ዓመት ሥራ ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስኑፒ ገና በአራት እግሩ የሚሄድ ተራ ውሻ ነው። የ1965–66ቱን ቅጽ ያዝ። ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነኝ ማለት የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ሹልዝ እጁ የፈታበት ዘመን! ታሪኩ ተከታታይ ስላልሆነ ቅደም ተከተሉ አያስጨንቅህ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በጋዜጣ ላይ በቀለም ይወጡ የነበሩት የእሑድ ሥራዎች እዚህ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ቀለም የግድ ካልክ ያው አሳታሚ የእሑዶቹን ብቻ በትላልቅ ጥራዞች ለብቻ አውጥቷቸዋል። ዋጋቸው ግን ኪስ ይጎዳል። ጠንካራ ሽፋንና ለስላሳ ሽፋን አትቀላቅል፤ መደርደሪያ ላይ ያስጠላል።