ሽቦውም መስታወቱም ከፎቶው እንዲጠፉ

ከዳንግላ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። አንድ ትምህርት ቤት ለባዮሎጂ ክፍሉ ግድግዳ የሚሆኑ የእንስሳት ፎቶዎች አዘዘኝና አዲስ አበባ ሄጄ አንበሳ ግቢና አንድነት ፓርክ ሁለት ቀን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። አንበሶቹን ሽቦው ፊታቸውን ቆራርጦብኛል። ዓሦቹ ጭራሽ ብዥ ብለዋል፤ መስታወቱ ላይ የፍላሼ ነጸብራቅና የለበስኩት ነጭ ሹራብ ጉልህ ብሎ ይታያል። ካሜራዬ ካኖን 700ዲ ነው፤ 18-55 እና 75-300 ሌንሶች አሉኝ። ካሜራውን ልቀይረው ይሆን?»

ገንዘብህን ያዝ፤ ካሜራው ምንም አላጠፋም። የላክልኝን የአንበሳ ፎቶ ከፍቼ ዝርዝሩን አየሁት። ሌንሱ 75 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) ኤፍ 11 ነው፣ ፍላሹም በርቷል። ሦስቱም ሽቦውን የሚያጎሉ ናቸው።

የሌንሱን ርዝመት ለኤፍ ቁጥሩ ስታካፍለው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ስፋት ታገኛለህ። 75 ለ11 ሲካፈል 7 ሚሊ ሜትር አይሞላም። 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሽቦ እዚህ ቀዳዳ ፊት ሲቆም ግማሹን ሊጋርደው ምንም አልቀረው፤ ስለዚህ መስመር ሆኖ ይቀረጻል። 300 ለ5.6 ሲካፈል ግን ከ53 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ያው ሽቦ ከዚህኛው የሚጋርደው ከ18 አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ሌላው ብርሃን በግራና በቀኙ አልፎ ይገባል። አንዲት ስንደዶ ከዓይንህ ሥር አስጠግተህ ማዶ ያለውን ጋራ ብታይ ስንደዶዋ ጠፍታ ጋራው ይታይሃል። በክንድህ ርዝመት ስትይዛት ግን ጋራውን ለሁለት ትከፍለዋለች።

እንግዲህ ረጅሙን ሌንስ አድርግ፣ እስከ 300 ሳበው፣ አፐርቸሩን እስከሚችለው ክፈተው። መከላከያው ብረት እስከሚፈቅድልህ ድረስ ወደ ሽቦው ተጠጋ፣ አንበሳው ደግሞ ከሽቦው እስኪርቅ ጠብቅ። ሽቦው ላይ ተለጥፎ ከተኛ ካሜራህን አውርደህ ቡናህን ጠጣ፤ የትኛውም ሌንስ አያድንህም። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊተኛ ስለሚችል ትዕግሥት ያስፈልግሃል። የምግብ ሰዓቱን ተንከባካቢዎቹን ብትጠይቃቸው ይነግሩሃል። ከመከላከያው ብረት አልፈህ ግን እጅህንም ካሜራህንም አትዘርጋ።

አብዛኛው ሰው የማያስበው ነገር ፀሐዩ ነው። ፀሐይ የመታው ሽቦ ምንም ያህል ቢደበዝዝ እንደ ወተት ያለ ጭጋግ ፎቶው ላይ ይረጫል፤ የጎፈሩ ጥቁረት ወደ አመድነት ይለወጣል። ጥላ ያረፈበትን የሽቦ ክፍል ፈልግ። ከሌለ አብሮህ የሄደው ልጅ ጥቁር ጃንጥላ ይዘርጋና ከፊትህ ያለውን ሽቦ ያጥላልህ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ ቀን ከለፋሁ በኋላ ነው። ቤቴ ገብቼ ሳየው ሁሉም ፎቶ ጉም የለበሰ የጮቄ ተራራ መስሎ አገኘሁት። ፍላሹንም አጥፋው፤ አንበሳው ጋ ሳይደርስ መጀመሪያ የሚያበራው ሽቦውን ነው።

አውቶፎከሱ፣ ማለትም ካሜራው በራሱ የሚያጠራበት ዘዴ፣ ቅርብ ያለውን ስለሚወድ ሽቦውን ይይዝብሃል። የመሃሏን አንዲት ነጥብ ብቻ መርጠህ በሽቦው ቀዳዳ በኩል የአንበሳው ዓይን ላይ አሳርፋት። አሁንም እምቢ ካለህ ሌንሱ ጎን ያለውን ማብሪያ ወደ ኤምኤፍ ገፋ አድርገህ በእጅህ አጥራው፤ ስክሪኑ ላይ 10 ጊዜ አጉልተህ ማየት ትችላለህ። ሹተሩ (የመዝጊያው ፍጥነት) ከ1/500 ሰከንድ አይውረድ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን ቁጥር) ለዚያ ስትል እስከ 1600 ብታወጣው አትፍራ። ትንሽ አሸዋ አሸዋ ያለ ፎቶ ይታተማል፤ የተንቀጠቀጠ ግን ምን ይደረጋል?

ስታነሳ ፊቱን ብቻ ይዘህ አትመለስ። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከአንበሳ ግቢ 15 አንበሶች ዘረ መላቸው ተመርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። ለዓይን የሚታየው ልዩነት ደግሞ ጠቆር ያለው ጎፈር ከአንገት አልፎ ደረትና ሆድ ድረስ መውረዱ ነው። ተማሪው ይህን እንዲያይ ከጎኑ፣ ቆሞ ሳለ፣ ሆዱ ጭምር የሚታይበት አንድ ፎቶ ያስፈልግሃል። ብርሃኑን ስትለካ ፊቱን ለካ እንጂ ጎፈሩን አትለካ፤ ጎፈሩን ከለካህ ካሜራው ጨለማ መስሎት ፊቱን ያነጣብሃል።

የኋላው ግንብና የውኃ ገንዳው ከረበሸህ የማደሪያውን በር ተመልከት። በሩ ክፍት ሆኖ ውስጡ ጨለማ ከሆነ፣ እንስሳው ብርሃን ላይ ከበሩ ፊት ሲያልፍ ብትይዘው ጥቁር ጨርቅ የዘረጋህለት ይመስላል። ጆኤል ሳርቶሪ የሚባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየእንስሳት ማቆያው የሚያነሳው በጥቁርና በነጭ ጀርባ ላይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ዝሆኑም ጥንዚዛውም እኩል ሰው ዓይን ይገባሉ። ሥራውን የጀመረው ጸጉር አልባዋን ፍልፈል በማንሳት ነው፤ እሷ ደግሞ በእኛው አገር ምሥራቅ ቆላ የምትኖር ናት።

ወደ መስታወቱ እንምጣ። ነጸብራቅ የሚመጣው ከአንተ በኩል ያለው ብርሃን መስታወቱን መትቶ ወደ ሌንሱ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ማጣበቅ ነው። ለዚህ የሚሸጠው የጎማ ኮፍያ ውድ ነው፤ ጎሚስታ ቤት ሄደህ የተጣለ የባጃጅ ካላማዳሪያ እንዲሰጡህ ጠይቅ። በመቀስ አንድ ጣት የሚያህል ርዝመት ቆርጠህ በሌንሱ አፍ ላይ ግማሹን አልብሰው፣ ግማሹ ወደ ፊት ይውጣ። ሲጠጉት ይተጣጠፋል፣ መስታወቱንም አይቧጭርም። ውስጡ ያለውን ነጭ ዱቄት መጀመሪያ እጠበው፤ እኔ ሳላጥብ አልብሼው ሌንሴ ጤፍ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ነበር። ነጭ ሹራብህን፣ ነጠላም ከሆነ ነጠላህን፣ ቤት ተውና ጥቁር ልበስ።

ቀጥ ብለህ አንሳ። በሰያፍ ካነሳህ ወፍራሙ መስታወትና ውኃው ብርሃኑን መንገዱን ያስቀይሩታል፤ ዓሣው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለም ያወጣል፣ ብዥም ይላል። ያንተ ዓሦች ግማሹ ችግራቸው ይህ ነው። ፖላራይዘር የሚሉትን ማጣሪያ «ነጸብራቅ ያጠፋል» ብለው ይሸጡልሃል። የሚያጠፋው ወደ 55 ዲግሪ ዘንበል ብለህ ስታነሳ ነው፤ ቀጥ ብለህ ስትቆም ምንም አይሠራም፣ ያለችህንም ብርሃን ከግማሽ በላይ ይበላብሃል። እኔ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ዓሦቹ ያሉበት ክፍል ጨለማ ስለሆነ አይኤስኦ 3200፣ ሹተር 1/250 ሞክር። ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ከመጡ መብራቱ ነው፤ የአገራችን መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ሹተሩን ወደ 1/100 አውርደህ ዓሣው ሲዞር ወይም ቆም ሲል ጠብቅ። ዓሣ እየዞረ የሚመላለስበት መንገድ አለው፤ አሳደህ ከምታነሳው አንድ ቦታ ፎከስ አድርገህ ብትጠብቀው ራሱ ይመጣልሃል። ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) አድርገህ አንሳ፤ አረንጓዴ ቀለም ቢጫነው በኋላ ታስተካክለዋለህ።

እንደገና የመኪና ከፍለህ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት ጎረቤትህ ያለውን የዶሮ ሽቦ ተለማመድበት። ቀይ አውራ ዶሮ ከሽቦ በስተጀርባ ሁለት ሜትር ርቆ ሲቆም ሽቦውን ካጠፋኸው አንበሳውም አያቅትህም።

ደግሞስ ዓሣ ፍለጋ ለምን አዲስ አበባ? ባሕር ዳር ቅርብህ ነው። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን ተመራማሪዎች 15 ያህል ትልልቅ ዝርያዎች ለይተዋል፤ ከነሱም 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር። ልዩነታቸው አፋቸውና ራሳቸው ላይ ነው፣ ፎከስህም እዚያ ይሁን። መስታወት ቤት ሄደህ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 30፣ ወርዱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን በሲሊኮን አሠራ፤ ሁለት ቀን ይድረቅና በደንብ ይታጠብ። ወርዱን ያጠበብኩት ዓሣው ከፎከስ እንዳይሸሽ ነው። የሐይቁን ውኃ በሻሽ አጥልለህ ሙላው፣ አረፋው እስኪጠፋ ቆይ። ክንድ የሚያህለውን ሳይሆን ስንዝር የምታህለውን ዓሣ በሕይወት እንዲሰጡህ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቅ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከላይና ከጎን እንድትገባ አድርገህ ደጅ አስቀምጠው፤ ከኋላው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ጥቁር ጨርቅ ስቀል፣ አንተ ጥላ ውስጥ ሁን። የዓሣ ባለሙያዎች ራሱ ወደ ግራ የዞረ ፎቶ ነው የሚፈልጉት፤ አንተም እንደዚያው አድርግ። እጅህን ሳታርስ ዓሣውን አትንካው፤ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፈዋል። አምስት ደቂቃ አንስተህ ወደ ሐይቁ መልሰው፣ ለሚቀጥለው ውኃውን ቀይርለት።